ከስፒከሩ በፊት ክፍሉ፦ በቅርስ ቤቶች ውስጥ የድምፅ ጥበብ ዐውደ ርዕይ ስለማዘጋጀት

ሥዕል ለሚያሳይ ሰው ባዶ ግድግዳ ይበቃዋል። ከስፒከር የሚወጣ ድምፅን እንደ ጥበብ ሥራ የሚያሳይ ሰው ግን ወደደም ጠላም ግድግዳውን፣ ወለሉን፣ ኮርኒሱን፣ የመስኮቱን መስታወትና የጎረቤቱን ጀነሬተር ሳይቀር አብሮ ያሳያል። ቤቱ መቶ ዓመት የተጠጋው ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ መስታወቱ ይንቀጫቀጫል፣ ጣውላው ይንቋቋል፣ የመብራቱን መስመር ማን መቼ እንደዘረጋው የሚያውቅ የለም። ስለዚህ መጀመሪያ ክፍል ይመረጣል፣ ከዚያ ሥራ። ተገላቢጦሹን የሚሠሩ ኩሬተሮች (የዐውደ ርዕይ አዘጋጆች) አሉ፤ በጀታቸው መጋረጃ በመግዛት ያልቃል።

ይህን ስጽፍ የማስበው የራሳችንን ቤቶች ነው። የአዲስ አበባ አሮጌ ቤት አብዛኛውን ጊዜ ምድር ቤቱ ድንጋይ፣ ፎቁ በእንጨት ቆሞ በጭቃ የተመረገ፣ ዙሪያውን የእንጨት በረንዳ ያለው፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ወለሉ ጣውላ፣ ኮርኒሱ ጣውላ ወይም የተወጠረ አቡጀዲ ነው። የጎንደር ቤተ መንግሥቶች ደግሞ ድንጋይና ኖራ ናቸው፤ ግድግዳቸው ወፍራም፣ ክፍላቸው ከፍ ያለ። የሐረር ባህላዊ ቤት ዝቅና ከፍ ባሉ ነደባዎች (የመቀመጫ መደቦች)፣ በምንጣፍ፣ በትራስና ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ስፌት የተሞላ ስለሆነ ድምፅ እዚያ ቶሎ ይሞታል። ሦስቱ ለአንድ ሥራ አይሆኑም። ለጆሮ የተጠጋ ንግግር ሐረር ቤት ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይሰማል፤ ያው ቅጂ የጎንደር አዳራሽ ውስጥ ሲገባ ቃሉ አይለይም። በአንጻሩ ረጅም ትንፋሽ ያለው የዋሽንት ድምፅ ሐረር ቤት ውስጥ ይደርቃል፣ በድንጋዩ መካከል ግን ይሰፋል።

በፋሲል ግቢ ውስጥ ሣልሳዊ ዳዊት (1716–1721 እ.ኤ.አ. የነገሡት) ያሠሩት አዳራሽ የዘፈን ቤት ይባላል። ለድምፅ ተብሎ የተሠራ ቤት የለንም ለሚል ሰው መልሱ እዚያ አለ። ነገር ግን አንድ ጥንቃቄ፦ ጣሪያው የወደቀ ሕንፃ፣ ግድግዳው እንኳ ሙሉ ቢሆን፣ ድምፁን ወደ ሰማይ ይለቀዋል። በፎቶ አይቶ «ይህ ሁሉ ድንጋይ ጥሩ ያስተጋባል» ብሎ መወሰን ያሳስታል። ሄዶ ማጨብጨብ ነው።

መለካት

ከጭብጨባው ቀጥሎ ፊኛ ይመጣል። 30 ሴንቲሜትር ገደማ እስኪሆን የተነፋ ፊኛ ስፒከሩ ይቆምበታል በተባለው ቦታ ይፈነዳል፤ መቅረጫው ጎብኚው በሚቆምባቸው ቢያንስ ሦስት ቦታዎች ይቀመጣል፣ ከግድግዳ አንድ ሜትር ራቅ ብሎ፣ በጆሮ ከፍታ። የመቅረጫው መጠን ዝቅ ይበል፤ የፍንዳታው ጫፍ ከተቆረጠ ልኬቱ ዋጋ የለውም። ፊኛ ከመፈንዳቱ በፊት ኮርኒሱ ውስጥ ርግብ ወይም የሌሊት ወፍ አለመኖሩን ማየት ይገባል። የሌሊት ወፍ ከተረበሸ ለቀሪው ሰዓት ምንም መቅረጽ አይቻልም።

በጀት ካለ የመለኪያ ማይክሮፎን፣ አንድ ጥሩ ስፒከርና በነፃ የሚገኝ የክፍል መለኪያ ሶፍትዌር ይበቃል፤ ከ20 ኸርዝ እስከ 20 ኪሎ ኸርዝ፣ ማለትም ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ ድምፅ፣ የሚወጣ ተንሸራታች ድምፅ ተለቅቆ ምላሹ ይመዘገባል። ውጤቱን፣ ማለትም ድምፁ ለመጥፋት የሚፈጅበትን ጊዜ፣ በአንድ አማካይ ቁጥር ማንበብ ከንቱ ነው። ከ125 እስከ 4000 ኸርዝ በየእርከኑ መታየት አለበት፤ የአቡጀዲ ኮርኒስ ያለበት ክፍል ላይኛውን ድምፅ ይበላል፣ ታችኛውን ግን እንዳለ ይተወዋል። እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ የሴት ድምፅ ንጹሕ ሆኖ ከበሮ ይድበሰበሳል።

ክፍሉ የሚያስተጋባበትን ጊዜ ቀድሞ በወረቀት ማስላትም ይቻላል። 8 ሜትር በ6 ሜትር፣ ከፍታው 4 ሜትር የሆነ ሳሎን እንውሰድ። ይዘቱ 192 ሜትር ኩብ ነው። ግድግዳው በኖራ የተለሰነ 112 ካሬ ሜትር፣ ድምፅ የመምጠጥ አቅሙ 0.03 ገደማ (ምንም የማይመጥጥ 0፣ ሁሉን የሚመጥጥ 1 ነው)። ወለሉና ኮርኒሱ ጣውላ፣ እያንዳንዳቸው 48 ካሬ፣ አቅማቸው 0.1 ገደማ። መስኮቱን ለጊዜው እንተወውና፣ ስፋቱ በአቅሙ ተባዝቶ ሲደመር 12.96 ይሆናል። በሳቢን ቀመር 0.161 በይዘቱ ተባዝቶ ለዚህ ድምር ሲካፈል 2.4 ሰከንድ ይመጣል፤ ድምፁ ከተቋረጠ በኋላ በ60 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ለመውረድ የሚፈጅበት ጊዜ ማለት ነው። አሁን 20 ሰው ይግባ። አንድ የቆመ ሰው 0.45 ካሬ ሜትር ያህል ይመጥጣል፤ ጊዜው ወደ 1.4 ሰከንድ ይወርዳል።

ይህ ልዩነት ዐውደ ርዕዩን የሚያበላሸው በዝምታ ነው። ባዶ ክፍል ውስጥ የተስተካከለ ሥራ በመክፈቻው ምሽት ሕዝብ ሲሞላ ደርቆና አንሶ ይሰማል። አርቲስቱ ደንግጦ ድምፁን ይጨምራል፤ ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ጎብኚ ሲገባ ጆሮ ይበጥሳል። እኔ ከአራት እስከ ስድስት ሰው ክፍሉ ውስጥ ቆሞ እንዲስተካከል እመክራለሁ፤ ለመክፈቻው ደግሞ 3 ዴሲቤል ከፍ ያለ ሌላ መቼት አስቀምጦ በማግስቱ መመለስ ነው። የሚያስተጋባውን ክፍል ማድረቅ የግድ ከሆነ 20 ካሬ ሜትር የታጠፈ ወፍራም መጋረጃ ከ20 ሰው ጋር የሚቀራረብ ሥራ ይሠራል። የሚሰቀለው ግን ራሱን ችሎ በቆመ የብረት ፍሬም ላይ ሆኖ ከግድግዳው 20 ሴንቲሜትር ያህል ርቆ ነው፤ ክፍተቱ መጋረጃውን የበለጠ መጣጭ ያደርገዋል፣ ግድግዳውም ይተነፍሳል። ለወፍራሙ ዝቅተኛ ድምፅ ጉርምርምታ ግን መጋረጃ ምንም አይፈይድም።

ስፒከሩ የት ይቁም

ከስፒከሩ በቀጥታ የሚመጣው ድምፅና ክፍሉ የሚመልሰው እኩል የሚሆኑበት ርቀት አለ። በዚያው ሳሎን ውስጥ ድምፁን በየአቅጣጫው እኩል ለሚረጭ ስፒከር ይህ ርቀት ግማሽ ሜትር ብቻ ነው። በደንብ ወደ ፊት ለሚያነጣጥር፣ የአቅጣጫ ቁጥሩ 10 ለሆነ ስፒከር ደግሞ 1.6 ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ አልፎ የቆመ ሰው ከስፒከሩ ይልቅ ክፍሉን ነው የሚሰማው፤ ድምፅ ቢጨመር ሁለቱም እኩል ይጨምራሉ እንጂ ቃሉ አይጠራም። «አይሰማም፣ ጨምረው» የሚለው ትዕዛዝ በድንጋይ ቤት ውስጥ የማይሠራው ለዚህ ነው። መፍትሔው አንድ ትልቅ ስፒከር ጥግ ላይ ማቆም ቀርቶ ብዙ ትንንሽ ስፒከሮችን ከጆሮ አንድ ሜትር ባልበለጠ ርቀት ላይ በዝቅተኛ ድምፅ ማኖር ነው።

ካናዳዊቷ አርቲስት ጃኔት ካርዲፍ በ2001 እ.ኤ.አ. የሠራችው፣ ክፍሉን ሁሉ የሚጠቀም ባለ አርባ ድምፅ ኢንስታሌሽን ይህን በደንብ ያሳያል። የእንግሊዛዊው አቀናባሪ የቶማስ ታሊስ የ16ኛው ክፍለ ዘመን መዝሙር በአርባ ማይክሮፎን ተቀርጾ በአርባ ስፒከር ይወጣል፤ ስፒከሮቹ አምስት አምስት ሆነው በስምንት ቡድን፣ በሰው ቁመት፣ በሞላላ ቅርጽ ይቆማሉ። ጎብኚው አንዱን ስፒከር ሲጠጋ የአንዱን ዘማሪ ትንፋሽ ይሰማል፤ መሐል ላይ ሲቆም ሕንፃው ሁሉንም ያዋሕድለታል። በኦታዋው ብሔራዊ ጋለሪ ውስጥ በተተከለው የሪዶ ጸሎት ቤትም፣ በ2013 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርኩ ክሎይስተርስ ሙዚየምም የታየው ሕንፃው ሳይነካ ነው፤ ስፒከሮቹ በእግራቸው ይቆማሉ፣ ግድግዳው ላይ አንድ ምስማር አያስፈልግም። ዙሩ 14 ደቂቃ ሲሆን ሦስቱ ደቂቃ ዘማሪዎቹ ሲያወሩና ሲያሳልሱ የሚሰማበት ዕረፍት ነው። ዕረፍቱ ለክፍሉም ለጠባቂውም ይጠቅማል።

ንግግር ያለበት ሥራ ላይ አማርኛ የራሱ ጣጣ አለው። በሚያስተጋባ ክፍል መጀመሪያ የሚጠፋው መጥበቅና መላላት ነው፤ ልዩነቱ የተናባቢው ርዝመት ስለሆነ የክፍሉ ማስተጋባት ይሸፍነዋል። ጠ፣ ቀ፣ ጨ ግን ጥርት ብለው ይቀራሉ። ስለዚህ የቃል ታሪክ የሚያሰማ ሥራ የማስተጋቢያ ጊዜው ከ1 ሰከንድ በታች ወደሆነው ክፍል ይሂድ፤ ካልተቻለም ቀረጻው ከአፍ 20 ሴንቲሜትር ላይ፣ በደረቅ ቦታ የተሠራ ይሁን። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተቀረጸን ንግግር ድንጋይ ቤት ውስጥ ማጫወት ሁለት ሕንፃ ደርቦ ማስተጋባት ነው።

ከክፍል ክፍል የሚሾልከው ድምፅ ሌላው ራስ ምታት ነው። የፎቁ መከፋፈያ ቀጭን ጣውላ ከሆነ በሁለት አጎራባች ክፍሎች ውስጥ ሁለት ሥራ ማሳየት አይቻልም፣ ነገሩ በዚህ ያበቃል። የጭቃው ግድግዳ የተሻለ ነው፤ ነገር ግን ግድግዳው ያስቀረውን በበሩ ሥር ያለው ክፍተት ይመልሰዋል፤ ተጠቅልሎ የተጣለ ወፍራም ጨርቅ ብዙ ያተርፋል። በሮች ክፍት መሆን ካለባቸው ሥራዎቹን በጊዜ ማከፋፈል ነው። ለምሳሌ በ10 ደቂቃ ዙር ውስጥ ከበሮ ያለበት ሥራ ስድስቱን ደቂቃ ይወስዳል፣ ከዚያ ዝም ይላል፤ በቀሪው አራት ደቂቃ የጎረቤቱ ክፍል ዝግ ያለ ሥራ ይሰማል። አርቲስቶች መጀመሪያ ያኮርፋሉ። ሥራቸው በዝምታ መካከል ሲወጣ ከሰሙት በኋላ ግን ጥያቄው ይቆማል።

ከውጭ የሚገባው ድምፅ በሰዓት መጻፍ አለበት። አንድ የሥራ ቀንና አንድ እሑድ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ማታ አንድ ሰዓት በየግማሽ ሰዓቱ የድምፅ መጠን መዝግቦ አጠገቡ ምክንያቱን ማስፈር፦ ቅዳሴ፣ አዛን፣ ትምህርት ቤት ሲለቀቅ፣ ወፍጮ ቤት፣ ጀነሬተር። የክፍሉ ዝምታ 45 ዴሲቤል ከሆነ 40 ዴሲቤል ላይ የሚንሾካሾክ ሥራ የለም ማለት ነው። አዛንና ቅዳሴን «ረብሻ» ብሎ መዝገብ ላይ መጻፍ አያምርም፤ ሰዓታቸው የታወቀ ስለሆነ የሥራው ዝምታ በእነሱ ሰዓት እንዲውል ማድረግ ቀላል ነው።

ዝናብ ግን አይደራደርም። ቆርቆሮ ላይ ክረምት ሲወርድ ሰው ከሰው መነጋገር ያቅተዋል፤ ስፒከር መጨመር ሞኝነት ነው። ቆርቆሮ ባለበት ቤት ዐውደ ርዕዩ ከኅዳር እስከ የካቲት ቢውል ይሻላል፤ ከሰኔ እስከ መስከረም መሞከር ደግሞ አያዋጣም። የበልግ ዝናብ ድንገት ቢመጣ ሥራው እንዲቆምና ዝናቡ ሲያባራ ከመጀመሪያው እንዲነሳ ለጠባቂው አንድ ማጥፊያ መስጠት በቂ ነው።

ቤቱን አለመጉዳት

ከ80 ኸርዝ በታች ያለው ድምፅ ለአሮጌ ቤት ጠላት ነው። ከእንጨቱ የተላቀቀ ምርጊት በጣት ሲንኳኳ ባዶ ድምፅ ይሰጣል፤ እንዲህ ያለ ግድግዳ አጠገብ ሰብዉፈር (የወፍራም ድምፅ ስፒከር) ማቆም ልስኑ እንዲረግፍ መጋበዝ ነው። የጀርመኑ ዲአይኤን 4150 ደረጃ ለቅርስ ሕንፃ የማያቋርጥ ንዝረት ላይኛው ፎቅ ላይ በሰከንድ ከ2.5 ሚሊሜትር እንዳያልፍ ይመክራል። የንዝረት መለኪያ ከሌለ የሚደረገው እንዲህ ነው፦ ከ20 እስከ 200 ኸርዝ ቀስ ብሎ የሚወጣ ድምፅ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ይለቀቃል፤ ሁለት ሰዎች በእጃቸው መስታወቱን፣ የበሩን እጀታ፣ የተሰቀለውን ፎቶ፣ መቅረዙን እየነኩ ይዞራሉ። አንድ ነገር ሲንቀጠቀጥ ቁጥሩ ይጻፋል፤ ምልክቱ ወረቀት ላይ ይሁን እንጂ ግድግዳ ላይ አይሁን። የላላ መስታወት በቀጭን ተጣጥፎ በተሰካ ወረቀት ወይም ወፍራም የሱፍ ጨርቅ ይረጋል። የቀረውን ድግግሞሽ በኢኳላይዘር (ቀጭኑንና ወፍራሙን ድምፅ ለየብቻ በሚያስተካክለው መሣሪያ) ከሥራው ላይ መቀነስ ነው። አርቲስቱ ያን ጉርምርምታ የግድ ከፈለገ ሥራውን ወደ ድንጋዩ ምድር ቤት ማውረድ፤ እምቢ ካለም ሥራውን አለመውሰድ።

ፕላስተርም ሆነ ስኮች ኖራ በተቀባ ግድግዳ ላይ አይለጠፍም፤ ሲነሳ ቀለሙን ይዞ ይነሳል። እንደ ጭቃ የሚለጠፈው ማጣበቂያም ዘይቱ ገብቶ የማይለቅ ነጠብጣብ ይተዋል። መብሻ አይገባም። ከጣሪያ የሚንጠለጠል ካለ በሰፊ የጥጥ ማሰሪያ፣ ከሥሩ ወፍራም የሱፍ ጨርቅ ተደርጎ፣ ምስጥ አለመብላቱ በተረጋገጠ ወጋግራ ላይ ይታሰራል፤ ማረጋገጫው የኢንጂነር ይሁን። ኬብል ከወለሉ ጋር በማጣበቂያ ሳይያያዝ ከግድግዳው ሥር ይሄዳል፤ በር የሚያቋርጥበት ቦታ ላይ በጎማ መሸፈኛ ውስጥ ያልፋል።

ስለ ክብደት ሲወራ ሁሉም ስፒከር ይመዝናል። የሚያሳስበው ሰው ነው። 20 ሰው በ48 ካሬ ሜትር ላይ ሲበተን በካሬ 30 ኪሎ ገደማ ነው፤ ያው ሰው ድምፁ ጥሩ በሚሰማበት አንድ ቦታ ላይ አራት አራት ሆኖ ሲጠጋጋ በካሬ 280 ኪሎ ይሆናል። ድምፅ ሰውን ይሰበስባል፤ ስፒከሩን ያቆምክበት ቦታ ሕዝቡን ያቆምክበት ነው። ስለዚህ ጥሩ የሚሰማበት ቦታ ከጣውላው መሐል ይልቅ ተሸካሚው እንጨት በሚያልፍበት ወይም በግድግዳ ዳር ይደረግ። የእንጨት በረንዳ ላይ እንዲሁም ደረጃ ላይ ሰው አስቁሞ የሚያሰማ ሥራ አይሰቀል፤ በረንዳው ምንም ያህል ቢያምር።

መብራት

በቤቱ አሮጌ መስመር ላይ ምንም አይሰካ። ጨርቅ ለብሶ የተዘረጋ ሽቦ፣ የመሬት ሽቦ የሌለው ሶኬት፣ በላዩ ላይ ደግሞ ዲቫይደር በዲቫይደር፦ የእንጨት ቤት የሚቃጠለው እንዲህ ነው። በጥር 2007 ዓ.ም. ጣይቱ ሆቴልን የጎዳው እሳት የእንጨት ሕንፃ ምን ያህል ተጋላጭ እንደሆነ ከበቂ በላይ አሳይቷል። ከቆጣሪው ቀጥሎ የራስ ማከፋፈያ ሳጥን መትከል ያስፈልጋል፤ መስመሩ 30 ሚሊ አምፔር ሲያፈስ የሚቆርጥ መከላከያ፣ ለየመስመሩ 16 አምፔር ብሬከር፣ 2.5 ሚሊሜትር ካሬ ገመድ። በመጠቅለያ ላይ ያለ ገመድ ሙሉ በሙሉ ይዘርጋ፤ ተጠቅልሎ ሲሠራ ይግላል።

ብዙ ሰው አምፕ (ድምፅ ማጉያ) በውስጣቸው ያለባቸውን ስፒከሮች ይወዳል፤ ለቅርስ ቤት ግን እኔ ያለ አምፕ የሆኑትን እመርጣለሁ። አምፖቹ ሁሉ አንድ የድንጋይ ክፍል ውስጥ፣ ከመውጫ አጠገብ፣ አየር በሚያገኝ መደርደሪያ ላይ ይሆናሉ፤ ወደ ክፍሎቹ የሚሄደው የስፒከር ገመድ ብቻ ነው። 220 ቮልት ጣውላና አቡጀዲ መሐል አይገባም። 30 ሜትር ርቀት በ2.5 ሚሊሜትር ካሬ ገመድ 0.42 ኦም ያህል ተቃውሞ አለው፤ ለ8 ኦም ስፒከር ግማሽ ዴሲቤል እንኳ አያጠፋም።

ስለ አዲስ አበባ ከፍታ ደግሞ ብዙ አይወራም። ከተማው 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ብዙ የመሣሪያ ኃይል መስጫ ሳጥኖች (ፓወር ሰፕላይ) ጀርባ ላይ የተለጠፈው ምልክት ግን ከ2,000 ሜትር በታች እንዲሠሩ ይላል። አየሩ ስስ ስለሆነ ማራገቢያው በቂ ሙቀት አያወጣም፤ ስፒከሩም ከባሕር ጠረፍ ይልቅ ወደ 2 ዴሲቤል ያንሳል። አምፑን ካቅሙ በግማሽ ማሠራትና በመደርደሪያው ላይ በየመሣሪያው መሐል አንድ እርከን ባዶ መተው ችግሩን ያስወግዳል።

መብራት ይጠፋል፤ ጥያቄው ሲመለስ ምን ይሆናል የሚለው ነው። ሙሉ ሥርዓቱ 150 ዋት የሚበላ ከሆነ 12 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት የሆነ ባትሪ ግማሹ ብቻ ቢፈስ፣ ከኢንቨርተሩ ብክነት በኋላ 510 ዋት ሰዓት ይሰጣል፤ ሦስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ያህል ማለት ነው። ለፍሪጅ የሚሸጠው፣ መብራት ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ የሚለቀው መከላከያ ርካሽ ነው፤ ከፊት ይደረግ። ማጫወቻው መብራት ሲያገኝ ያለ ሰው እጅ ራሱ ተነስቶ የሚጫወት ይሁን፤ አምፑ ደግሞ ከእሱ በኋላ ይነሳ፣ አለበለዚያ በየጊዜው ስፒከሩ ዷ ይላል። ራስቤሪ ፓይ የሚባለው ትንሽ ኮምፒውተር ለዚህ በቂ ነው፤ ነገር ግን መብራት በድንገት ሲጠፋ ሚሞሪ ካርዱ ይበላሻል። ካርዱን ለንባብ ብቻ አድርጎ ማዘጋጀትና አንድ ተመሳሳይ ካርድ በፖስታ ከጠባቂው ጋር ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

ፋይሉ ዌቭ ይሁን፣ 48 ኪሎ ኸርዝ፣ 24 ቢት። ኤምፒ3 መጀመሪያውና መጨረሻው ላይ ትንሽ ባዶ ቦታ ስለሚጨምር ዙሩ በተቀጠለ ቁጥር ይቆረጣል። ስፒከሮች እርስ በርስ መናበብ ካለባቸው በተለያዩ ሁለት ማጫወቻዎች ማስነሳት አይሠራም፤ የውስጥ ሰዓታቸው በ50 ሚሊዮንኛ ክፍል ቢለያይ በሰዓት 0.18 ሰከንድ፣ በስምንት ሰዓት ወደ አንድ ሰከንድ ተኩል ይራራቃሉ። አንድ ባለ ብዙ ቻናል ሳውንድ ካርድ ይበልጣል።

እምምም የሚል የ50 ኸርዝ ጩኸት ከተሰማ ምንጩ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ቦታ የመጣ የመሬት ሽቦ ነው። ሁሉም መሣሪያ ከአንድ ሳጥን ይነሳ፣ ረጅሙ የሲግናል ገመድ ባላንስድ (ጩኸት እንዳይገባበት ሲግናሉን በሁለት ሽቦ የሚያስተላልፍ) ይሁን፣ ካልጠፋ መለያ ትራንስፎርመር ይገባበታል። የሶኬቱን የመሬት እግር መስበር በብዙ ቦታ የሚታይ «መፍትሔ» ነው። ሰው ይገድላል።

ሰው

ጠባቂው ሥራውን በቀን ስምንት ሰዓት ይሰማል። ጎብኚው 10 ደቂቃ የሚወደው 65 ዴሲቤል፣ ለጠባቂው በሦስተኛው ቀን መከራ ነው፤ ከዚያ ድምፁ በሚስጥር ይቀንሳል፣ በአራተኛው ቀን ሶኬቱ ይነቀላል። የድምፅ መቆጣጠሪያውን መቆለፍ ብቻ አይበቃም። ጠባቂዎች በየሁለት ሰዓቱ ክፍል ይቀያየሩ፤ በቀን አንድ ሰዓት ሁሉም ነገር ዝም የሚልበት ይኑር።

ፈቃድ ከሁለት ወገን ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በቋሚ ቅርስ ላይ የሚደረግ ሥራ የቅርስ ባለሥልጣኑን ፈቃድ ይፈልጋል፤ ከማመልከቻው ጋር የክፍሎቹ ንድፍ፣ የእያንዳንዱ ዕቃ ክብደትና ምንም የማይበሳ መሆኑን የሚያሳይ ገጽ ቢያያዝ ጥያቄው ይቀንሳል። ሌላው ወገን ነዋሪው ነው። ብዙዎቹ የከተማው አሮጌ ቤቶች የቀበሌ ቤት ሆነው በየክፍሉ ቤተሰብ ይኖርባቸዋል፤ ከመሥሪያ ቤት የመጣ ማኅተም የእነሱን እሺታ አይተካም። ሰፈር ውስጥ ለቅሶ ቢሆንና ድንኳን ቢተከል ከውጭ የሚሰማው ሥራ ሁሉ ወዲያው ይጠፋል፣ ስንት ቀን እንደሚቆይም የእድሩን ሽማግሌዎች መጠየቅ ነው። ይህ አስቀድሞ በአርቲስቱ ውል ውስጥ ይጻፍ።

ውሉ ላይ የተቀረጹት ሰዎች መብትም ይግባ። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የከዋኙንና የቀረጻው አዘጋጁን መብት ለየብቻ ያያል፤ አንድ ቅጂ የያዘ ሰው ሁሉ የማሰማት መብት የለውም። የቤተ ክርስቲያን ዜማ ወይም መንዙማ ከሆነ ደግሞ ሕጉ ቢፈቅድ እንኳ ባለቤቶቹን ሳይጠይቁ፣ በተለይም ሰው ቡና ይዞ በሚዞርበት ክፍል ማሰማት አይገባም።

ሲፈርስ መጀመሪያ የሚነሳው መብራቱ፣ ከዚያ ገመዱ፣ መጨረሻ ላይ መጋረጃው ነው፤ መጋረጃው እስከመጨረሻ ከቆመ ሰዎች መሰላል ሲያነሱ ግድግዳውን ይጠብቃል። ከመግባታችሁ በፊት የተነሡት ፎቶዎች ከተመሳሳይ ቦታ፣ በተመሳሳይ ሰዓት ብርሃን፣ ስንጥቁ አጠገብ ማስመሪያ ተይዞ እንደገና ይነሡ፤ የቤቱ ኃላፊም በሁለቱም ላይ ይፈርም። የክፍሉ ልኬት፣ የእያንዳንዱ ስፒከር ቦታ በሜትር፣ የኢኳላይዘሩ መቼትና የተንቀጠቀጡት ድግግሞሾች ዝርዝር አንድ ኮፒ ለቤቱ ይቀመጥ። ቀጥሎ የሚመጣው ሰው ፊኛ ከማፈንዳት ይድናል፣ የሌሊት ወፎቹም እንዲሁ።